የኦቦ ቱፋ ሬዲዮና ስድስቱ ብሎኖች

ሲፈን የሬዲዮውን የጀርባ ካርቶን ስታነሳው መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው። የተቃጠለ አቧራ ይሸታል፣ አሮጌ እንጨት ይሸታል፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ዘግየት ብሎ የሚመጣ የሰም ሽታ አለው። ሁለታችንንም አስነጠሰን። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን ወንበር ፈለግኩ።

ሲፈን የኦቦ ቱፋ ልጅ የለሚ የልጅ ልጅ ናት። የካ ሚካኤል አጠገብ ያለውን የቤተሰቡን ቤት ለማደስ ዕቃ ሲያወጡ ሬዲዮው ከቁም ሣጥን ላይ ተገኘና ደወለችልኝ። «አያቴ በሕይወት ሳለ ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳይከፍተው ይል ነበር፤ እባክዎ መጥተው ይዩት» አለችኝ። ሄድኩ። ስደርስ ግን ትዕግሥቷ አልቆ ራሷ ከፍታው፣ በአንድ እጇ የስልኳን መብራት፣ በሌላው ካቻቢቴ ይዛ ጎንበስ ብላ ታያለች።

«እነዚህ ጣሳዎች ላይ ቆሻሻ ደርቋል» አለች። «ከሥሩ ያሉት ብሎኖችም የላሉ ይመስላሉ። ፍቄ ላጥብቃቸው?»

«አትንኪ!»

ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። በሰው ቤት፣ በሰው ዕቃ፣ ያውም በእንግድነት ሄጄ። ልጅቷ «ሶሪ» ብላ እጇን ሰበሰበች። ይቅርታ ጠየቅኋት። ያ ጩኸት ለእሷ የተገባ አልነበረም። ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ሰው ሊጮህብኝ ሲገባ ዝም ያለኝ ጉዳይ ነበር፤ ሳላስበው በእሷ ላይ ወጣ።

ያን ክረምት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኮተቤ ቤታችን ውስጥ እናቴ አራስ ነበረች፤ እኔ ደግሞ እግሬም አፌም የማያርፍ ልጅ ስለነበርኩ ትምህርት ቤት እስኪከፈት የካ፣ ታላቅ ወንድሟ ዘንድ እንድቆይ ተወሰነ። እኚህ አጎቴ ጋሼ ደምሴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። እሳቸውና ሚስታቸው እትዬ ዘነበች ልጅ አልወለዱም፤ ስለዚህ ስመጣ እንደ እንግዳም እንደ ልጅም ነበር የተቀበሉኝ። እንደ እንግዳ ያበሉኛል፣ እንደ ልጅ ያዝዙኛል።

የፊት ለፊቱ ክፍል የጋሼ ደምሴ መሥሪያ ነው። በመንገዱ በኩል ካለው መስኮት ሥር አንድ አሮጌ በር በሁለት በርሜል ላይ አጋድመው ጠረጴዛ አድርገውታል። ሬዲዮዎቹ ጀርባቸውን ገልጠው ተደርድረዋል፤ ሆዳቸው ውስጥ ትናንሽ አምፖሎች ይበራሉ። ክፍል የማያበራ አምፖል ምን እንደሚጠቅም ግራ ገብቶኝ ነበር። «እነዚህ ለማየት አይደሉም፣ ለመስማት ነው» አሉኝ አንድ ቀን፤ ይባስ ግራ ገባኝ።

ደህና ደህናዎቹ ሬዲዮዎች ፊታቸው ላይ አንዲት አረንጓዴ ዓይን አለቻቸው። ጣቢያው በደንብ ሳይያዝ ሲቀር ትከፈታለች፣ ጥርት ብሎ ሲገባ ትጠባለች። ጋሼ ደምሴ ሲሠሩ ከዚያች ዓይን ዓይናቸውን አይነቅሉም። እኔ ሬዲዮው የሚያየኝ መስሎኝ በፊቱ ፍርፋሪ አልጥልም፣ አፍንጫዬንም አልነካም።

ስለ ጋሼ ደምሴ ሌላም ያወቅኩ የመሰለኝ ብዙ ነገር ነበር። ሬዲዮ ሲከፍቱ ግራ መዳፋቸውን ሣጥኑ ላይ ያሳርፋሉ፤ እንደምትታለብ ላም እያባበሉት ነው አልኩ። ሰው ሲያናግራቸው «ዞር በልና ፊትህን አሳየኝ» ይላሉ፤ ሥርዓት የሚወዱ ሰው ናቸው አልኩ። ደንበኞቻቸው ደግሞ ሁሉም ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት። ኮተቤ እንዲህ የሚጮህ ሰው አላውቅም፤ የየካ ሰው ጉሮሮው ሰፊ ነው ብዬ ለእናቴ የምነግራት ወሬ አድርጌ ያዝኩት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ዝናብ መውደዳቸው ነበር። የሐምሌ ዝናብ ከእንጦጦ ወርዶ የቆርቆሮውን ጣራ መደብደብ ሲጀምር እትዬ ዘነበች የተሰጣውን ሊያነሱ ይሮጣሉ፣ ጎረቤት በር ይዘጋል፣ ቤት ውስጥ ያለን ሁሉ ለመሰማማት መጮህ እንጀምራለን። ያኔ የጋሼ ደምሴ ፊት ይፈታል። ቀልድ ይመጣላቸዋል፣ ሌላ ጊዜ የማይመልሱትን ጥያቄ ሁሉ ይመልሱልኛል። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ወደ ጠረጴዛቸው ዞረው ዝም ይላሉ።

እንዲህ በዝናብ ነው ስለ ጣሳዎቹ የጠየቅኋቸው። በየሬዲዮው ሆድ፣ ከአምፖሎቹ መካከል፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህሉ የአሉሚኒየም ጣሳዎች ቆመዋል፤ አናታቸው ላይ ሁለት ሁለት ቀዳዳ፣ በየቀዳዳው ውስጥ ብሎን አለ።

«እዚህ ውስጥ ምን አለ?» ብዬ ጮህኩ።

«ባልና ሚስት!»

«እ?»

«ሁለት የሽቦ ጥቅልል ናቸው። ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ አይነካኩም። አንደኛው ያለውን ግን ሌላኛው ሰምቶ ያቀብላል። ብሎኖቹ የሁለቱን ሐሳብ አንድ ያደርጋሉ። ባል ወዲህ ሚስት ወዲያ ካሉ ሬዲዮው ያፏጫል እንጂ አይናገርም።»

ይህን ሲነግሩኝ ከወይራ እንጨት ራሳቸው የጠረቡትን ቀጭን መፍቻ አንስተው አሳዩኝ። ሌላውን ብሎን በብረት ካቻቢቴ ይፈታሉ፤ የጣሳዎቹን ግን በወይራው ብቻ ነው የሚያዞሩት። ብረት ሲጠጋቸው ባልና ሚስቱ ይዋሻሉ፣ ብረቱ ሲርቅ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ አሉኝ። አስተካክለው ሲጨርሱ ብሎኖቹ እንዳይንቀሳቀሱ ከጧፍ አንድ አንድ ጠብታ ሰም ያንጠባጥቡባቸዋል። ጧፉ እትዬ ዘነበች ከየካ ሚካኤል የሚያመጡት ቁራጭ ነው።

«የመልአኩን ጧፍ ለዘፈን ሣጥን» ይላሉ እትዬ ዘነበች ባዩ ቁጥር።

«ዜናም ይናገራል» ይላሉ ጋሼ ደምሴ።

እኔ ከዚህ ሁሉ ትምህርት የያዝኩት ባልና ሚስቱን ብቻ ነው። ለብዙ ቀን ምን እንደሚበሉ አሰብኩ።

ሥራዬን ልናገር። እትዬ ዘነበች ሥራ ፈት ልጅ አይወዱም፤ ሁለት ሥራ ሰጡኝ። አንደኛው ጧፍ እየቀለጠ ጠረጴዛና መስኮት ላይ የተጋገረውን ሰም በቢላ ጀርባ መፋቅ ነው። ሁለተኛው የላላ ነገር ማጥበቅ ነው። በቤቱ ያልላላ ነገር አልነበረም፤ የበሩ ማጠፊያ፣ የወንበሩ እግር፣ የድስቱ እጀታ። ጋሼ ደምሴ አንዲት ትንሽ የብረት ካቻቢቴ ሰጡኝና ቤቱን ዞሬ ጠበቅ ጠበቅ አደረግኩት። ከዚያ ወዲያ እትዬ ዘነበች ለመጣው ሰው ሁሉ «ይቺ ልጅ ከመጣች ወዲህ ቤቴ መንቀጥቀጥ ተወ» ይሉ ነበር። የኩራቴን ነገር ተዉት።

አንድ ሐሙስ ኦቦ ቱፋ ሬዲዮአቸውን በጋቢ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሽማግሌ ናቸው። ቀድሞ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያርሱ ነበር፤ በኋላ የባሕር ዛፍ ቋሚና አጣና መሸጥ ያዙ። ሬዲዮውን የገዛላቸው አንድ ልጃቸው ለሚ ነው። ወታደር ነው፣ ኮንጎ ዘምቷል። ሊሄድ ሲል ከደሞዙ ቆጥቦ «እዚያ ሆኜ ስለ እኛ የሚወራውን ትሰማበታለህ» ብሎ ሰጣቸው። ከሄደ ዓመት አልፎታል።

«ደብዳቤ መጣ» አሉ ኦቦ ቱፋ፣ በጣም ጮክ ብለው፣ ጋሼ ደምሴ ፊት ለፊት ቆመው። «የዘማቾቹን ድምፅ ቀድተዋል። በዚህ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የለሚ ድምፅ ይወጣል። ሬዲዮው ደግሞ ትናንት ዝም አለ።»

ጋሼ ደምሴ አዩት። አይጥ ገመዱን በልታዋለች። ሌላ ምንም አልሆነም። ገመዱን ቀየሩ፣ ሰኩት፣ ሬዲዮው ተናገረ። ኦቦ ቱፋ ወዲያው ሊወስዱት ሲሉ ጋሼ ደምሴ «አቧራውን ልጥረግለት፣ ቅዳሜ ይምጡ» አሏቸው። ጥሩ አድርገው መሥራት ስለሚወዱ ነው እንጂ ምንም አላስገደዳቸውም። ይህን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

ዓርብ ጋሼ ደምሴ ለቅሶ ሄዱ። እትዬ ዘነበችም አብረው ሄዱ። እኔ ቤት ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ። የኦቦ ቱፋ ሬዲዮ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ጀርባው ተከፍቶ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ ሊዘጋ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሦስት ጣሳ አለው። በየጣሳው ሁለት ብሎን። በብሎኖቹ ላይ በጭስ የጠቆረ ነገር ተጋግሯል፤ እኔ ከማውቀው ቢጫ የጧፍ ሰም ጋር አልተመሳሰለብኝም። ጋሼ ሳያዩት ቀርተዋል ብዬ ቢላዬን አመጣሁ። ፋቅኩት። ከሥሩ ብሎኖቹ ታዩ፤ ስድስቱም ላልተዋል። ጠልቀው አልገቡም፣ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ብሏል።

ባልና ሚስቶቹ በላላ ቤት እንደሚኖሩ ተሰማኝና አዘንኩላቸው። ካቻቢቴዬን አወጣሁ። አንድ በአንድ፣ አልዞር እስኪሉኝ ድረስ አጠበቅኳቸው። ከዚያ ካርቶኑን ገጥሜ አራቱን የጀርባ ብሎን ዘጋሁ። ጋሼ ሲመለሱ «ዘጋሽው? ጎሽ» አሉኝና ራሴን ዳሰሱኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ቱፋ ካባ ደርበው መጡ። ጋሼ ደምሴ ሬዲዮውን ሰኩ፣ መዳፋቸውን አሳረፉ፣ ቁልፉን አዞሩ። አምፖሎቹ በሩ። ከድምፅ ማውጫው ግን ሽሽሽ ከሚል ነገር በቀር ምንም አልወጣም። ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ አዞሩት። አንድ ቦታ ላይ ቅርባችን ያለው የከተማው ጣቢያ እንደ ትንኝ ጥዝ አለና ጠፋ።

ኦቦ ቱፋ አልተቆጡም። የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፤ «ደምሴ፣ ሲመጣ'ኮ ይናገር ነበር። የተቆረጠው ገመዱ ነው።»

ይህ ምን ማለት እንደሆነ እኔም ገብቶኛል። በዚያን ጊዜ ሬዲዮ ጠጋኝ ሲነሳ የሚነሳ ሐሜት አለ፤ ደህናውን ዕቃ አውጥቶ አሮጌውን ይተካል ይባላል። ስለ ጋሼ ደምሴ እንዲህ ተብሎ አያውቅም። እትዬ ዘነበች ከጓዳ በር ብቅ ብለው ቆሙ። ጋሼ ደምሴ ካርቶኑን ፈትተው ገመዱን አዩ፣ አምፖሎቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረጉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ይለቅማሉ፤ እኔ ደግሞ ላሟ የዋለችበትን ቦታ ማወቅ ጀምሬያለሁ።

ከዚያ ጣሳዎቹን አዩ። እንደ አዲስ ያብለጨልጫሉ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ጣቶቼን። በጥፍሮቼ ሥር ጥቁር ሰም አለ።

እንዲህ ቆሜ ፍርድ ስጠብቅ ወደ ኦቦ ቱፋ ዞሩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ሳጸዳው አበላሽቼዋለሁ። ነገ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ቤትዎ ድረስ አመጣዋለሁ።»

«ነገ ካለፈ ሌላ የለም፣ ደምሴ።»

«አውቃለሁ ኦቦ ቱፋ።»

ሽማግሌው ሬዲዮውን አንድ ጊዜ አይተው ወጡ። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ጋሼ ደምሴ በርጩማ ሳቡና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«በምን አዞርሽው?»

«በብረቱ።»

«ስንት ስንት ዙር?»

«እስኪጠብቅ።»

«እስኪጠብቅ» አሉ ደግመው፣ ለራሳቸው። ሳቅ የመጣባቸው ይመስል ከንፈራቸውን ነከሱ። «ልጄ፣ አንዳንድ ነገር ላልቶ አይደለም። ልኩ እዚያ ሆኖ ነው።»

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉ እትዬ ዘነበች ከበሩ፤ ግን ፎጣ አምጥተው አፍንጫዬን ጠረጉልኝ።

ወዲያው ልንጀምር ስንል ዝናቡ መጣ። በረዶም ተቀላቀለበት። ያ ጣራ እንዲያ ሲጮህ እንኳን የሬዲዮ ሹክሹክታ የሰው ጩኸትም አይሰማም። ጋሼ ደምሴ መስኮቱ ዘንድ ቆመው ሰማዩን አዩ። ዝናብ ያላስደሰታቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እስኪመሽ አላባራም።

እሑድ ማለዳ ሠፈሩ ቅዳሴ ነበር፤ እትዬ ዘነበችም ሄደዋል። መንገዱ ጭር ብሏል። ጋሼ ደምሴ ሬዲዮውን ከፈቱ። ለሚ የገዛው ርካሹን ነበርና አረንጓዴ ዓይን የለውም። ይህን ሲያዩ እጃቸው ትንሽ ቆየ፤ ለምን እንደሆነ ያን ሰዓት አልገባኝም።

«ከመጨረሻው ጣሳ ነው የምንጀምረው፣ ለድምፅ ማውጫው ከሚቀርበው» አሉኝ። ያችን ትንኝ ፈልገው አገኟት። በወይራው መፍቻ ሁለቱን ብሎኖች ሲፈቱ ትንኟ ሰው ሆነች፤ የሚያወራ ሰው፣ ሩቅ ጉድጓድ ውስጥ ያለ። የሁለተኛውን ጣሳ ሲነኩ ሰውየው ቀረበ። ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ። ይሄኔ ጋሼ ደምሴ የአንቴናውን ሽቦ ነቀሉት፤ ድምፁ መልሶ ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

«ለምን?»

«ጮክ ሲል ሁሉም ልክ ይመስላል። የሚፈትነው ሹክሹክታ ነው። ሹክሹክታውን አጥርቶ ካመጣ ኮንጎንም ያመጣል።»

እንደገና ማዞር ጀመሩ። ድምፁ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ጥርት አለ፣ ከዚያ መልሶ ወረደ። እሳቸው ማዞራቸውን አላቆሙም።

«አለፈ» አልኩ።

መፍቻው አሁንም ይዞራል።

«ጋሼ፣ አለፈ።»

ክንዳቸውን ስነካቸው ቀና አሉ። «መጣ እንዴ?»

«መጥቶ አልፏል።»

መልሰው አዞሩት። ድምፁ እንደገና ጥርት ሲል ዓይናቸውን አየሁ። ሬዲዮውን ሳይሆን እኔን፣ የእኔን ፊት ነው የሚያዩት። መዳፋቸው ሣጥኑ ላይ ነው። ያን ጊዜ ክረምቱን ሙሉ ያየሁት ሁሉ አንድ ላይ ተሰልፎ መጣብኝ፤ መዳፉ፣ «ፊትህን አሳየኝ» ማለታቸው፣ አረንጓዴዋ ዓይን፣ ዝናቡ።

«ጋሼ፣ አይሰማዎትም?»

መፍቻውን በጨርቅ ጠረጉት። ቆሻሻ አልነበረበትም። «ጮክ ያለው ይሰማኛል» አሉ። «ይሄኛው አይሰማኝም። በልጅነቴ እዚያ ማዶ ድንጋይ በሚፈለጥበት ካባ እሠራ ነበር። ድማሚት ሲፈነዳ ጆሮ መድፈን ፍርሃት ይመስለን ነበር። ያኔ ምንም አልሆንኩም፤ በኋላ ነው ቀስ እያለ የወሰደው። ዓይን ያለውን ሬዲዮ በዓይኔ እሠራዋለሁ። ይሄኛው ዓይን የለውም።» በመስኮቱ መንገዱን አዩና «ለማንም እንዳትነግሪ» አሉኝ። «ጆሮ ለሌለው ሬዲዮ ጠጋኝ ማን ሬዲዮ ይሰጣል?»

አልናገርም አልኩ። ብሎን ካጠበቅኩበት ጥፋት ይልቅ ይህ ከበደኝ። እሳቸው ሳይሰሙ የሚሠሩትን፣ እኔ እየሰማሁ አበላሸሁት።

ከዚያ ወዲያ ተስማማን። እኔ ጉንጬን ከድምፅ ማውጫው ጨርቅ ጋር አጣብቄ እቀመጣለሁ። ድምፁ ሲወጣ እጄን ከፍ አደርጋለሁ፣ ጫፍ ሲደርስ እጨብጣለሁ። እሳቸው እጄን እያዩ ያዞራሉ። ባሉን ሲያስተካክሉ ሚስት ትንሽ ትዛነፋለች፤ ሚስትን ሲያስተካክሉ ባል። ስድስቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ዞርናቸው። አንዴ ዘፈን መጣና ሳላውቀው በእጄ ምት መምታት ጀመርኩ፤ ጋሼ ደምሴ ግራ ተጋብተው መፍቻውን ወዲያና ወዲህ አሉት። ምን እንደሆነ ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ አንቴናውን መልሰን ሰካነው፤ ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

ሰሙን ያን ጊዜ አላደረጉበትም። «በጭቃው መንገድ ሲናወጥ ሊዛነፍ ይችላል፤ እዚያው ሰምተን እናትመዋለን» አሉ። ሬዲዮውን በጋቢ ጠቅልለው ተሸከሙት። እኔ ወይራውን፣ ክብሪትና ቁራጭ ጧፍ ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ጎርፍ ከእንጦጦ ያወረደው የባሕር ዛፍ ቅጠል መንገዱን ሸፍኖታል፤ ያዳልጣል። ሲንሸራተቱ ባየሁ ቁጥር ስድስቱን ብሎኖች አሰብኩ።

የኦቦ ቱፋ ቤት በሰው ሞልቷል። እትዬ ዘነበችም ቀድመው ደርሰው ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠዋል። ሬዲዮው መደብ ላይ ተቀመጠ፣ ተሰካ። ጋሼ ደምሴ መዳፋቸውን አሳረፉበትና እኔን አዩኝ። ጣቢያው ጥርት ብሎ ገባ። እጄን ጨበጥኩ። እሳቸውም በረጅሙ ተነፈሱ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የዘማቾቹ ድምፅ አንድ በአንድ መውጣት ጀመረ። የጎጃም ልጅ፣ የሐረር ልጅ፣ እናቱን ሰላም ሲል ድምፁ የተቆረጠበት አንድ ልጅ። ኦቦ ቱፋ ከዘራቸውን ይዘው እንደቆሙ ናቸው። ከዚያ የለሚ ስም ተጠራ።

«አባቴ ኦቦ ቱፋ፣ እንደምን አለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህም ዝናብ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ ጣራውን አስጠግን። የሬዲዮውን ገመድ አይጥ እንዳትበላው ከፍ አድርገህ ስቀለው።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። «ዝም በሉ!» አሉ ኦቦ ቱፋ፣ እሳቸውም እየሳቁ እያለቀሱም። ለሚ ጎረቤቶቹን በስም እየጠራ ሰላም አለ። መጨረሻ ላይ ዝቅ ባለ፣ ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ፣ በኦሮምኛ «አባኮ» አለ። አባቴ ማለት ነው። ከዚያ ሌላ ስም ተጠራ።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ጋሼ ደምሴ ግን ፊቴን ያያሉ፣ ምን ተባለ ብለው። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዝናቡን፣ ጣራውን፣ አይጧን፣ የመጨረሻዋን ቃልም።

«ደምሴ» አሉ ኦቦ ቱፋ ቀና ብለው፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «አባኮ ያለውን ሰማህ? በሹክሹክታ ነው ያለው። ሰማሁት። ጆሮህ ይባረክ።»

ጋሼ ደምሴ ይህንንም አልሰሙም። ደግሜ ነገርኳቸው። ቤቱን ዞር ብለው አዩት። ያላሰብኩትን ነገር አደረጉ፤ ተነሥተው ቆሙ።

«የእኔ ጆሮ አይደለም» አሉ። «የሰማችው ይቺ ናት። እኔ መስማት ከተውኩ ቆይቷል። እወቁት፤ ሬዲዮአችሁን ለሌላ መስጠት የምትፈልጉ ስጡ።»

እኔ ምስጢሩ ከእጄ የወደቀ መስሎኝ ደነገጥኩ። ኦቦ ቱፋ እትዬ ዘነበችን አዩ፣ እትዬ ዘነበች ጎረቤቱን አዩ። ከዚያ ኦቦ ቱፋ ተነሥተው ጋሼ ደምሴ ፊት ለፊት ቆሙና፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት፣ በጣም ጮክ ብለው ተናገሩ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው። የካን ሁሉ ጠይቅ፣ የማያውቅ የለም። ፊትህ ቆመን እስክንታነቅ የምንጮኸው ለምን መሰለህ?»

ጋሼ ደምሴ እትዬ ዘነበችን አዩ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ስንት ዓመት በምን ድምፅ የማናግርህ መሰለህ?» አሉ።

መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ጋሼ ደምሴ ናቸው። ተቀመጡ፣ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ፤ ከሥሩ ሳቅ ብቻ እንዳልነበረ አይቻለሁ። ጉሮሮው ሰፊ ነው ያልኩት ሰው ሁሉ ስለ እሳቸው ሲል የሚጮህ ሰው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለእናቴ ያስቀመጥኩትን ወሬ ተውኩት።

ትንሽ ቆይተው ሬዲዮውን አጥፍተው ጀርባውን ከፈቱ። ሁሉም የሚያትሙት እሳቸው መስሎት ዞር አለ። እሳቸው ግን ጧፉን ለኩሰው ለእኔ ሰጡኝ። «ያነሳሽውን መልሺ» አሉኝ።

አምስቱን ብሎኖች ደህና አድርጌ አተምኳቸው። ስድስተኛው ላይ ጠብታው ወደ ዳር ሊፈስ ሲል ሳይበርድ በአውራ ጣቴ ጫንኩት። አቃጠለኝ። አልጮህኩም።

ሲፈን ይህን ሁሉ ስነግራት የስልኳ መብራት እንደበራ ነው። ጎንበስ ብላ ወደ መጨረሻው ጣሳ አስጠጋችው። አቧራው መካከል፣ በደረቀው ሰም ላይ፣ ከባቄላ የማይበልጥ ክብ ነገር ተጭኖ ይታያል፤ ቀጫጭን መስመሮች አሉት።

«ታዲያ ይሄ ቆሻሻ አይደለም?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት። «ጣቴ ነው።»